ከዙላ የባሕር ዳር እስከ አሉቶ ተራራ፦ በትንሽ ሙቀት ጨዋማውን ውኃ ስለ ማጥራት



ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ፒያሳን ያውቃል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደውን ሰፊ መንገድ የያዘ እግረኛ ብዙ ሳይደክም ከሐይቁ ዳር ይደርሳል። ከተማይቱ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ጣልያኖች ከአገራችን ከወጡ ኻያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ስለ ነበረ፥ «አደባባይ» ማለት የሆነውን ይህን የጣልያንኛ ስም ለሰፈሩ ያወጡለት እነርሱ አይደሉም። ስሙ ከአዲስ አበባ ፒያሳ ተጉዞ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ግን የዛሬው ነገሬ አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በዚያው በፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጫማ የሚጠርግ አንድ ወጣት ወደ እኔ ቀረበ። ሲናገር እጁን ከአፉ ላይ ያደርጋል። ሲስቅም ፊቱን ያዞራል። ሥራውን ጨርሶ ገንዘቡን ሲቀበል ግን እጁን ረሳና ጥርሱን አየሁት፤ በቡናማ ቀለም የተዥጐረጐረ ነበር። ማየቴን ስላወቀ፥ «ውኃው ነው ጋሼ» አለኝ። «እኛ አገር ጉድጓዱ ሲወጣ ይሞቃል። ሁላችንም እንዲህ ነን።» አገሩ ወዴት እንደ ሆነ ብጠይቀው በስምጥ ሸለቆው ቆላ ውስጥ ያለች አንዲት መንደር ነገረኝ።

ውኃው ሲወጣ ይሞቃል ማለቱ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ሙቀት ያለ ገንዘብ የሚገኝበት አገር የሚጠጣ ውኃ የሚቸገረው ስለ ምንድን ነው? ያው ሙቀት ራሱ ውኃውን ሊያጠራው አይችልምን? ይህ ጥያቄ አዲስ አለመሆኑን፥ ይልቁንም በምድራችን ላይ ከመቶ ሃምሳ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ ያለው መሆኑን ለአድማጮቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የአገራችንን ነገር ስናገር በእኛ ዘመን አቈጣጠር ዓ.ም. እያልሁ እጠቅሳለሁ፤ የውጭውን አገርና ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሆነውን ግን በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ።

የቀይ ባሕር ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ የጥም አገር ነው። በዳህላክ ከቢር ደሴት የጥንት ሰዎች ከዛጐል ድንጋዩ ውስጥ ፈልፍለው ያበጇቸው የዝናም ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች በመቶ ይቈጠራሉ፤ የአገሩ ሰዎች በዓመቱ ቀኖች ልክ ናቸው እያሉ ይተርካሉ። ምጽዋም ደሴት እንደ መሆኗ ውኃዋን የምታገኘው ከየብስ፥ ከምንኩሉ በኩል ነበር። ዙሪያቸውን ባሕር የከበባቸው ሰዎች ሰማይ ሰማይ ሲያዩ፥ ወይም በአቁማዳ የተጫነ ውኃ ከማዶ ሲጠብቁ ኖረዋል ማለት ነው።

በዚህ ባሕር ዳር የጨው ውኃ በእሳት ኃይል በብዛት እየተለወጠ ሲጠጣ የታየበት ትልቁ ጊዜ 1860 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ሰዎች ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት የላከው ጦር በዙላ የባሕር ዳር፥ በጥንታዊቱ አዱሊስ አጠገብ ወረደ። ወታደሩ ወደ 13,000 ይደርስ ነበር። ጭነት የሚሸከሙት፥ ከብት የሚጠብቁትና ልዩ ልዩ አገልግሎት የሚሰጡት ሰዎች ቁጥር ደግሞ ከወታደሩ ይበልጣል። በዚህ ላይ በቅሎው፥ ግመሉ፥ ፈረሱ፥ ከሕንድ የመጡትም 44 ዝሆኖች አሉ። በዙላ ግን ይህን ሁሉ የሚያጠጣ አንድ ምንጭ እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ እንግሊዞች ምን አደረጉ? በእንፋሎት በሚሄዱት መርከቦቻቸው ማፍያዎች የባሕሩን ውኃ እያፈሉ፥ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ፥ የተገኘውን ጨው አልባ ውኃ ወደ የብስ አውጥተው በገንዳ ማደል ጀመሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃው አልበቃም። አያሌ በቅሎዎች በጥም አለቁ፤ የቀሩትም ማሰሪያቸውን እየበጠሱ ከገንዳው አጠገብ ይራገጡ እንደ ነበር በዚያ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። ከዙላ እስከ ኩማይሊ 18 ኪሎ ሜትር የሚያህል የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ በኩማይሊም ጫፉ የሾለ የብረት ቱቦ በመዶሻ እየመቱ ወደ መሬት በማስገባት ውኃ የሚሳብበት ከአሜሪካ የመጣ አዲስ ብልሃት ተሞከረ። ያ ዓይነት ጉድጓድ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር «የሐበሻ ጉድጓድ» ይባላል። እኛ ያልቈፈርነው፥ እንዲያውም ሊወጋን የመጣ ሠራዊት የቈፈረው ጉድጓድ በስማችን መጠራቱ ያስገርማል።

ጦሩ መቅደላ ደርሶ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን መሠዋታቸውን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው የሒሳቡ ጉዳይ ነው። አንድ ኪሎ ጥሩ የድንጋይ ከሰል በተራ ማፍያ ሲነድ ሰባት ወይም ስምንት ሊትር ውኃ ቢያተን ነው። አንድ በቅሎ በዚያ ሐሩር በቀን 20 ሊትር ይጠጣል ብንል ለአንዲት በቅሎ ጥም ብቻ በየቀኑ ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ከሰል መቃጠል ነበረበት። ያውም ከሰሉ ባሕር አቋርጦ በመርከብ የመጣ ነው። ጠቅላላው ዘመቻ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ መፍጀቱ ስለዚህ አያስደንቅም። እንዲህ ያለውን ውኃ ለማጠጣት የሚችል ሀብታም መንግሥት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለጥቂት ወራት።

እንግሊዞች በዙላ ከሰል ሲያነድዱ ከዚያ ወደ ደቡብ በአፋር ምድር የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ያለ ከሰልና ያለ ብረት ይህንኑ ሥራ የሚሠሩበት ዘዴ ነበራቸው። እሳተ ገሞራው ገና ባልበረደበት በዚያ በረሃ ከመሬት ስንጥቅ ትኩስ እንፋሎት ይወጣል። አፋሮች በስንጥቁ ላይ ድንጋይ ይቆልላሉ፤ እንፋሎቱ ድንጋዩን ሲነካ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ሰውና ከብት ይጠጣዋል። ከዚያ ወዲህ በኬንያ በእቡሩ ተራራ የሰፈሩ ገበሬዎችም ይህንኑ በቧንቧ አድርገው ሠርተውበታል። አንድ የውጭ አገር ሊቅ ይህን በመጽሐፍ ቢጽፈው ኖሮ በስሙ ይጠራለት ነበር፤ የአፋር እረኛ ግን ስሙን ያስመዘገበለት የለም።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። ውኃን በማትነን ከጨው መለየት ቀላል ጥበብ ነው፤ ችግሩ የሚበላው ሙቀት ብዛት ነው። አንድ ሜትር ኩብ፥ ማለት 1,000 ሊትር የፈላ ውኃ እንዲሁ በተራ ዘዴ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ከ620 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበልጥ ሙቀት ይጠይቃል። ብልሆች ያንኑ ሙቀት ደጋግመው በየደረጃው እንዲሠራ በማድረግ ወጪውን ብዙ ቀንሰውታል፤ የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትላልቅ ፋብሪካዎች የተከሉት በዚህ መንገድ ነው። እነርሱ ግን ነዳጅ እንደ ውኃ የሚፈስላቸው፥ ውኃ ደግሞ እንደ ነዳጅ የሚወደድባቸው ናቸው። ነዳጅ የሌለው ሌላ በር ማንኳኳት ነበረበት።

ያ ሌላው በር ሁለት ቁልፍ የሚፈልግ ሲሆን፥ ቁልፎቹ የተሠሩት በልዩ ልዩ ሰዎች፥ በልዩ ልዩ አገርና ዘመን ነው።

የመጀመሪያው ቁልፍ ትንሽ ሙቀትን ወደ ጕልበት መለወጥ ነው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከሙቀት የሚገኘው ጕልበት የሚወሰነው በሙቁና በቀዝቃዛው መካከል ባለው ልዩነት መሆኑን አስረዳ። ፏፏቴው አጭር ከሆነ ወፍጮው በደከመ ኃይል ይዞራል፤ የሙቀትም ነገር እንዲሁ ነው። በ90 ዲግሪ ሙቀትና በ25 ዲግሪ ቅዝቃዜ መካከል የሚሠራ መኪና እንከን ባይኖረው እንኳ ከመቶው ሙቀት 18 እጁን ብቻ ወደ ጕልበት ሊለውጥ ይችላል። በእውነተኛው ዓለም ግን ከ7 እስከ 10 እጅ ቢያገኝ ደኅና ሠርቷል ይባላል። ይህን የሰማ ሁሉ ተስፋ ቈርጦ ቢተወው አይፈረድበትም ነበር።

ያልተዉት ሰዎች የያዙት ሐሳብ ይህ ነው። ውኃ በባሕር ወለል ልክ በመቶ ዲግሪ፥ በሐዋሳ ከፍታ ደግሞ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በታች የሆነ ሙቀት በተራው የእንፋሎት መኪና ዘንድ ዋጋ የለውም። ነገር ግን ከውኃ ቀድመው የሚፈሉ ፈሳሾች አሉ። ኤተር በ35 ዲግሪ፥ ፔንቴን የተባለው ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ፈሳሽ በ36 ዲግሪ ይፈላሉ። ለብ ያለው ውኃ በቱቦ እየሄደ ይህን ፈሳሽ ቢያፈላው፥ የፈሳሹ እንፋሎት ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑን አዙሮ ሲወጣ ቀዝቅዞ እንደገና ፈሳሽ ይሆንና ወደ ማፍያው ይመለሳል። ፈሳሹ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲዞር ይኖራል እንጂ አይባክንም።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፥ በ1850ዎቹ፥ ዱ ትራምብሌ የተባለ ፈረንሳዊ ከእንፋሎቱ መኪና የተረፈውን ሙቀት ወስዶ በኤተር ሁለተኛ መኪና የሚያንቀሳቅስ ብልሃት በመርከቦች ላይ ገጥሞ ነበር። ከሰሉን ቈጠበለት፤ ኤተር ግን በትንሽ ብልጭታ የሚቀጣጠል ስለ ሆነ ባሕረኞቹ አብረውት ለመተኛት አልወደዱም። በ1880ዎቹ አሜሪካኖች በናፍታ እንፋሎት የሚሄዱ ትንንሽ ጀልባዎች ሠሩ። እነዚህ የተወደዱት ከጥበቡ የተነሣ ብቻ አይደለም፤ የእንፋሎት ማፍያ የሚነዳ ሰው ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መሆን አለበት የሚለው ሕግ ናፍታውን ስለማይመለከተው ነው። በሕግ ቀዳዳ የገባ ሳይንስም ሳይንስ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የአሜሪካዊው የፍራንክ ሹማን ሥራ ነው። ሹማን በመጀመሪያ በ1907 በፊላደልፊያ ኤተር በፀሐይ ሙቀት እያፈላ ትንሽ መኪና አዞረ። በኋላም ወደ ግብፅ ሄዶ በ1913 ከካይሮ አጠገብ በምትገኘው በመዓዲ፥ ረጃጅም መስተዋቶች ተክሎ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ የእንፋሎት መኪና አቆመ፤ በእርሱም የወንዝ ውኃ ወደ እርሻ አወጣ። ወንዙ የትኛው እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ውኃው ከጣናና ከጎጃም የወረደው ያው የእኛው ነው። በሚመጣው ዓመት የአንደኛው ዓለም ጦርነት ተነሣ፤ መሐንዲሶቹ ተበተኑ፤ ሹማንም በ1918 ሞተ። ነዳጅ ዘይት ርካሽ ሲሆን የፀሐዩ መኪና ለብዙ ዓመት ተረሳ።

ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ በሦስት ቦታ እንደገና ነቃ። በኮንጎ፥ በካታንጋ አውራጃ በኪያቡክዋ፥ በ1952፥ 91 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ፍል ውኃ 200 ኪሎ ዋት የሚያህል ኤሌክትሪክ ተገኘ። በአፍሪካ ምድር ከፍል ውኃ ኤሌክትሪክ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ሶቪየቶች በ1967 በካምቻትካ በፓራቱንካ በ81 ዲግሪ ውኃ ፍሬዮን እያፈሉ ከ600 ኪሎ ዋት በላይ አመነጩ። በእስራኤልም ሃሪ ታቦርና ሉሲየን ብሮኒኪ የተባሉ ሁለት ሰዎች በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ ትንሽ ተርባይን ሠርተው፥ የተባበሩት መንግሥታት በ1961 በሮማ ስለ አዳዲስ የኃይል ምንጮች ባደረገው ጉባኤ ላይ አሳዩ። ጕልበቱ ሦስት ኪሎ ዋት የሚያህል ነበረ። ብሮኒኪ በ1965 ኦርማት የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ። አድማጮቼ ይህን ስም እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ወደ አገራችን ይመጣልና።

ሁለተኛው ቁልፍ ደግሞ ውኃን ሳያተንኑ ከጨው መለየት ነው። በ1959 እና በ1960 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ፥ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ሜምብሬን የሚባል ስስ ገለፈት ሠሩ። ውኃ በብርቱ ግፊት ሲገፋ ገለፈቱ ውኃውን ያሳልፋል፤ ጨውን ግን ከኋላው ያስቀራል። በዚህ ሥራ እሳት የለም፤ የሚፈለገው ፓምፕ ብቻ ነው። ይህ ጥበብ በ1965 ከቤተ ሙከራ ወጥቶ መጀመሪያ ያገለገለው የባሕር ዳር ከተማ አይደለም። ኮዋሊንጋ የምትባል፥ ከባሕር ርቃ በየብስ ያለች የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ የጉድጓዷ ውኃ ጨዋማ ስለ ሆነ የሚጠጣው ውኃ ቀድሞ በባቡር ይመላለስላት ነበር። ስለ ጨው ውኃ ሲነገር ሁላችንም ባሕርን ብቻ ስለምናስብ ይህን ነገር አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ።

ሁለቱ ቁልፎች ሲገናኙ ሒሳቡ ይለወጣል። ዛሬ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ በገለፈት ለማጥራት 3 ወይም 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ጕልበት ይበቃል። ይህን ጕልበት ከመቶው 8 እጅ ብቻ በሚለውጥ ደካማ መኪና ከለብታ ሙቀት ብናወጣው፥ ወደ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት እንፈልጋለን። ለተራው ማትነን ከ620 በላይ ያስፈልግ ነበር ብለናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው የናቀው ደካማ መኪና በዙላ ከነበሩት ማፍያዎች ጋር ሲመዘን በአንዱ ሙቀት ዐሥራ ሦስት ዐሥራ አራት እጥፍ ውኃ ያወጣል። የሙቀቱ ዋጋ ደግሞ ከመሬት ወይም ከፀሐይ ስለሚገኝ የከሰል ዕዳ የለበትም። ፈረንሳዮች በ1978 በካዳራሽ ይህን ጋብቻ በፀሐይ ሙቀት ሞከሩ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በግብፅ በቀይ ባሕር ዳር ተሞከረ፤ ከ2000 ወዲህም የአቴና የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከመቶ ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ሠርተውት ሥራው የሚሆን መሆኑን አሳይተዋል። ሁሉም ትንንሾች ናቸው። የፀሐይ መስተዋቱና ተርባይኑ ውድ ስለ ሆኑ፥ የፀሐይ ብርሃንን በቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚያደርገው ሰሌዳም እጅግ እየረከሰ ስለ መጣ፥ በገበያ ላይ ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ ተሸንፈዋል። ይህን መደበቅ አይገባም።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት ጋር ሆኖ በስምጥ ሸለቆና በአፋር ያለውን የምድር ውስጥ ሙቀት ማስጠናት የጀመረው በ1969 ነው። ከብዙ ጥናት በኋላ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ ተራራ ተመረጠና ከ1981 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፈሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወደ 2,500 ሜትር የሚወርዱ ሲሆን፥ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ አልፎ ተገኘ። ቍፋሮው ካለቀ በኋላ ግን ጉድጓዶቹ ከዐሥር ዓመት በላይ እንዲሁ ተቀምጠው ቈዩ። በ1998 ነው 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሙከራ ጣቢያ የተተከለ። የተከለውም ያ በሮማው ጉባኤ ላይ ሦስት ኪሎ ዋት ያሳየው የብሮኒኪ ኩባንያ፥ ኦርማት ነው። በአሉቶ ተርባይኑን ከሚያዞሩት አንዱ ያው ቀድሞ የሚፈላው ፔንቴን ነበረ።

ብዙ ሳይቈይ ግን ጣቢያው ታመመ። በጉድጓዶቹና ሙቀት በሚቀባበሉት ቱቦዎች ላይ ችግር ደረሰ፤ የሚያመነጨው ኃይል እየቀነሰ ሄደና ቆመ። በ2007 ከፊሉ ታድሶ እንደገና ቢነሣም ወደ ሙሉ ጕልበቱ አልተመለሰም። ከ2013 በኋላ በመንግሥት፥ በጃፓንና በዓለም ባንክ ርዳታ ሁለት አዳዲስ ጉድጓዶች ተጨምረዋል። ከሐዋሳ ሐይቅ በስተ ሰሜን ስላለው ስለ ኮርቤቲ ደግሞ በ2013 መንግሥት ከአንድ የአይስላንድ ኩባንያ ጋር ለ1,000 ሜጋ ዋት ሐሳብ ተፈራርሞ ነበር፤ ሥራው ግን እንደ ውሉ አልፈጠነም። ኬንያ በዚሁ በእኛው ስምጥ ሸለቆ ከ1981 ጀምሮ በኦልካሪያ የሠራችውን ሲያስቡት ይህ መዘግየት ያስቈጫል።

እንዲህ ያለው ኃይል ለውኃ ማጥሪያ ምን ይሆናል? ባሕር የለንም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። እንዲያውም ነገሩ ተገላብጦ በ2017 ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ በሶማሌ ክልል ከሐደጋላ ከመሬት የወጣ ጥሩ ውኃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ወደ ባሕር ዳሯ ጅቡቲ መላክ ጀምራለች። ነገር ግን ኮዋሊንጋን እናስታውስ። የማይጠጣ ውኃ በባሕር ብቻ አይወሰንም።

የስምጥ ሸለቋችን ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ መስተዋት መሰል ድንጋይና ዐመድ ነው፤ በውስጡም ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይገኛል። ውኃው ከምድር በታች ሲሞቅና ከድንጋዩ ጋር ረዥም ጊዜ ሲቀመጥ ፍሎራይዱን ያሟሟል። በሌላ አገር ካልሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ፍሎራይዱን ይዞ ያዘቅጠው ነበር፤ በእኛ ሸለቆ ግን ውኃው ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ በውኃው ውስጥ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት የፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጥፍ ድርብ ይገኛል፤ በሻላ ሐይቅማ ልክ የለውም። እንዲህ ያለውን ውኃ በልጅነቱ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይዥጐረጐራል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፤ ጀርባውና ጕልበቱ አልታጠፍ ይላል። በወንጂ የስኳር እርሻ ለብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎች በዚህ በሽታ ጐብጠው መታየታቸው በሐኪሞች ተጽፎ ይገኛል። መፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይበረታል። የሎብና የሱሪራጃን ገለፈት ግን ጨውን እንደሚያስቀር ፍሎራይዱንም አብዛኛውን ያስቀራል፤ የጉድጓድ ውኃም ጨውነቱ ከባሕር እጅግ ስለሚያንስ ለአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚያህል ጕልበት ይበቃዋል።

የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። ለሐዋሳ ከተማና የኤሌክትሪክ ሽቦ ለደረሰበት መንደር የፔንቴን ተርባይን መትከል ከንቱ ድካም ነው፤ ፓምፑን ከሽቦው ማገናኘት ይበቃል። ሽቦ በሌለበት፥ ነገር ግን ሙቀቱ ከመሬት በሚወጣበት በአፋር በረሃ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደግሞም በአሉቶ ተርባይኑን አዙሮ የሚወጣው ውኃ ወደ መሬት ተመልሶ ሲገባ ገና ብዙ ሙቀት ይዞ ነው፤ ያ ሙቀት ወደ ምድር ከመመለሱ በፊት በአካባቢው ላሉ መንደሮች ጉድጓድ አንድ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

እንቅፋቱንም ልናገር። የፍል ውኃው ሲበርድ ሲሊካ የሚባለውን ደለል በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ሙቀቱን ከልክ በላይ የሚመጥ ስስታም ሰው ቧንቧውን ያደነዝዛል። ሁለተኛም ገለፈቱ ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ ከተጣራው ውኃ ለይቶ በቀረው ውኃ ውስጥ ያከማቸዋል እንጂ። ያን የመረረ ቅሬታ ከመንደር ዳር ወይም ከሐይቅ የሚያፈስ ሰው ለጎረቤቱ በሽታውን በእጥፍ አስረከበ። በባሕር ዳር ያለ ፋብሪካ ቅሬታውን ወደ ባሕሩ ይመልሳል፤ እኛ ግን ባሕር የለንም። በአሉቶ ውኃውን ወደ ጥልቁ የሚመልሱ ጉድጓዶች አሉ፤ በተራ መንደር ግን የሉም። የዚህን ጉዳይ መልስ ሳይዝ ማሽን የሚሸጥልን ነጋዴ ቢመጣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ገለፈቱ በየጥቂቱ ዓመት የሚለወጥ መሆኑ ነው። ተመርቆ፥ ሪባን ተቈርጦለት፥ በሁለተኛው ዓመት መለዋወጫ አጥቶ የዛገ ማጣሪያ በሸለቆው ውስጥ በዐይኔ አይቻለሁ፤ የማን እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም።

ከፒያሳው ወጣት ጋር ሁለተኛ ቀን ስንገናኝ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርሁት። በጸጥታ አዳመጠኝና፥ «ጋሼ፥ ያ ፓምፕ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከመሐንዲሶች ጋር ስነጋገር ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያነሣ አላገኘሁም ነበርና ለጊዜው መልስ አጣሁ። በሚመጣው ጊዜ ወደ አገሩ ሲሄድ ከጉድጓዳቸው ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ እንዲያመጣልኝ ለመንሁት፤ አመጣለሁ አለ፤ ሲመጣም ወደ ቤተ ሙከራ እወስደዋለሁ።